እርሾ አታብዙ፦ ደጋ ላይ ዳቦ ለምትጋግሩ

[ምስል፦ ሁለት ረጃጅም ብርጭቆዎች፤ እኩል ሊጥ ተደርጎባቸዋል]

ሊጡ አንድ ነው፤ ልዩነቱ እርሾው ላይ ነው። በግራ ያለው ለግማሽ ኪሎ ዱቄት 7 ግራም ደረቅ እርሾ ገብቶበታል። ኢንተርኔት ላይ የምናገኘው አሠራር አብዛኛውን ጊዜ የሚለው ይህንኑ ነው። በቀኝ ያለው 5 ግራም ብቻ ነው።

[ምስል፦ የግራው ኩፍ ብሎ ከብርጭቆው አፍ አልፏል]

የግራው ቸኮለ። ሲያዩት ያምራል፤ ምድጃ ሲገባ ግን መሃሉ ይሰረጉዳል።

እርሾ ነፍስ ያለው ነገር ነው። የዱቄቱን ስኳር በልቶ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያወጣል፣ ጋዙ ሊጡን ይነፋዋል። አዲስ አበባ ደግሞ ከባህር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ናት። እዚህ ከላይ የሚጫነን አየር ከባህር ዳርቻው በሩብ ያህል ይቀላል። ስለዚህ ያው ጋዝ ሊጡን አብልጦ ያሳብጠዋል። አሠራሩን የጻፈው ሰውዬ ስለ እኛ ደጋ ምን ያውቃል?

ደብረ ብርሃን ያላችሁ፣ ከፍታችሁ ከኛም ይበልጣል፤ ብርዱ ግን እርሾውን ያሰንፈዋል። እርሾ ከመጨመር ሊጡን ጋቢ አልብሱት። ድሬዳዋ ሙቀቱ ራሱ ያስሮጠዋል፤ በቀዝቃዛ ውሃ አቡኩ።

[ምስል፦ ጣት ሊጡን ሲጫን፣ ቀረብ ብሎ]

ሰዓት አትቁጠሩ። በጣታችሁ ጫን አድርጉት። ወዲያው ከተመለሰ ገና ነው። ቀስ ብሎ ተመልሶ ምልክቱ ትንሽ ከቀረ፣ አሁን ጋግሩ። ጭራሽ ካልተመለሰ አልፎበታል፤ እንደገና አሽታችሁ ጠብቁት።

የበዓል ድፎ ስጋግር እርሾውን ወደ 3 ግራም አወርደዋለሁ። ማታ አቡክቼ ፍሪጅ አሳድረዋለሁ። ጠዋት ክዳኑን ስከፍት ሽታው የጠላ ጥንስስ ነው የሚመስለው። ብርዱ እስኪለቀው ውጭ ይቆያል፣ ኩፍ ሲል ጥቁር አዝሙዱን በትኜ ኮባ ላይ አደርገዋለሁ። በአንድ ሰዓት ኩፍ ያለ ዳቦ ይህን ጣዕም አያመጣም፣ እርሾ በማንኪያ ቢጨመርበትም።

ስኳር ግዴታ አይደለም፤ ዱቄቱ ራሱ እርሾውን ይመግበዋል። የፈላ ውሃ ግን አደራ! 60 ዲግሪ ሲደርስ እርሾው ያልቅለታል።

[ምስል፦ የተከፈተ የእርሾ ፓኬት]

የተረፈውን አፉን አጥፋችሁ ፍሪዘር ውስጥ አስቀምጡ። ከቆየና ከተጠራጠራችሁ፣ ለብ ባለ ውሃ ላይ ከቁንጥር ስኳር ጋር በትኑት። በ10 ደቂቃ አረፋ ካላወጣ ጣሉት።