መሰላሉ 14 ሺህ ላይ አይቁም

የተከበራችሁ አባቶቼ፣ እናቶቼ፣ ወንድሞቼና እህቶቼ፤ አሰላሙ አለይኩም። ጤና ይስጥልኝ።

እኔ የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። ሃያ ሁለት ዓመት እዚሁ ደሴ የሰው ደረሰኝ ስደምር ኖሬያለሁ። ፒያሳ ሱቅ ያለውም፣ ሰኞ ገበያ እህል የሚሸጠውም፣ ሁለት ፎቅ ያቆመውም ወረቀቱን ይዞ እኔ ዘንድ ይመጣል። ማን ስንት እንደሚከፍል በዓይኔ አያለሁ። ዛሬ የምነግራችሁም ያየሁትን ነው።

ጥያቄያችሁ «በጣም ሀብታም የሆነ ሰው ከፍ ያለ ግብር ይክፈል ወይ?» የሚል ነው። መልሴን አስቀድሜ ልንገራችሁ። አዎ፣ ይክፈል። ለምን እንደምል ለማስረዳት ከአንዲት ልጅ ልጀምር።

የእህቴ ልጅ ባንክ ቤት ትሠራለች። ደመወዟ 15 ሺህ ብር ነው። በ2017 በተሻሻለው የገቢ ግብር አዋጅ የመጀመሪያው 2 ሺህ ብር ከግብር ነጻ ነው። ከዚያ በላይ ያለው 15 በመቶ፣ 20፣ 25፣ 30 እያለ እንደ መሰላል ይወጣል። ከ14 ሺህ ሲያልፍ 35 በመቶ ይሆናል። ሲደመር ከልጅቷ ደመወዝ 3,200 ብር ለግብር ይሄዳል። ለጡረታ 7 በመቶ አለ፤ እሱም 1,050 ብር ነው። እጇ የሚገባው 10,750 ብር ነው። በዚያች ገንዘብ ቤት ትከራያለች፣ ለታናሽ ወንድሟ ትልካለች። ሳሙና ስትገዛ ደግሞ 15 በመቶ ቫት ትከፍላለች።

ማሻሻያው ለእሷ ጠቅሟታል፤ እሱን መካድ አልፈልግም። በ2008ቱ አዋጅ ነጻ የነበረው 600 ብር ብቻ ነበር። ያኔ ከዚሁ ደመወዝ 3,750 ብር ይቆረጥ ነበር። 550 ብር ተርፎላታል። ለእሷ 550 ብር ቀላል አይደለም።

ግን መሰላሉን እዩት። የመጨረሻው ደረጃ 14 ሺህ ብር ነው። ከዚያ በላይ ደረጃ የለም። በወር 15 ሺህ የምታገኘው ልጅ ከ14 ሺህ በላይ በምታገኛት እያንዳንዷ ብር ላይ 35 ሳንቲም ትከፍላለች። በወር 1 ሚሊዮን የሚያገኘውም ያው 35 ሳንቲም ነው። 14 ሺህ ብር ዛሬ መቶ ዶላር ግድም ነው። በሕጋችን ዓይን የሀብታም መነሻው እሱ ነው። የእህቴ ልጅ፣ ወር ሳይሞላ የምትበደረው ልጅ፣ ከባለ ፎቁ ጋር አንድ ደረጃ ላይ ቆማለች።

አሁን ስለ ባለ ፎቁ ልንገራችሁ። ስሙን አልጠራም፤ ደንበኛዬ ነው። ጋሼ እለዋለሁ። ሁለት ሕንፃ አለው፤ ከኮምቦልቻ ደረቅ ወደብ ጭነት የሚያመላልሱ መኪናዎችም አሉት። ሥራውን ከባዶ ጀምሮ እዚህ ያደረሰ ሰው ነው። ደግም ነው። በ2013 መጨረሻና በ2014 መጀመሪያ ከራያና ከወልዲያ የተፈናቀለው ሕዝብ ትምህርት ቤቶቻችን ውስጥ ሲያድር ዱቄትና ዘይት በመኪና ያራግፍ ነበር። አይቻለሁ። እንዲህ ያለውን ሰው ክፉ አድርጌ ላቀርብላችሁ አልመጣሁም።

ሆኖም የእሱን መዝገብ የምሠራው እኔ ነኝ። በወረቀት ላይ ድርጅቱ ከትርፉ 30 በመቶ ይከፍላል። ትርፉ ለባለቤቱ ሲከፋፈል ደግሞ ሌላ ግብር አለ። በወረቀት ላይ ካየነው ከእህቴ ልጅ የበለጠ ይከፍላል። ትርፉ እስኪሰላ ድረስ ግን መንገዱ ረጅም ነው። የቤቱ መኪና ነዳጅ በድርጅቱ ወጪ ይመዘገባል። ስልኩም፣ ዘበኛውም፣ የእንግዳ ግብዣውም እንዲሁ። በሙያው ያለን ሁሉ የምናውቀው ነገር ነው። ደመወዝተኛው ግን የቤት ኪራዩን «ወጪ ነው፣ ይቀነስልኝ» ማለት አይችልም። ደመወዙ ገና እጁ ሳይገባ ተቆርጦ ነው የሚመጣው። አንዱ መጀመሪያ ይከፍላል፣ ከተረፈው ይኖራል። ሌላው መጀመሪያ ይኖራል፣ ከተረፈው ይከፍላል።

ትንሹን ነጋዴም አስቡት። በ2009 ክረምት የቀን ገቢ ግምት ወጥቶ ስንት ባለሱቅ እንዳለቀሰ ታስታውሳላችሁ። በብዙ ከተሞች ሱቅ ተዘግቶ ነበር። ያኔ እኔ ዘንድ የመጣች አንዲት ሻይ ቤት ያላት እናት ግምቷን ስታሳየኝ እጇ ይንቀጠቀጥ ነበር። ገማቾቹ ሱቋ ገብተው ብርጭቆዋን ቆጥረዋል። የባለ ፎቁን ግን ማን ቆጠረለት? እሱ ባለሙያ ቀጥሮ ይከራከራል። ባለሙያዋ እኔ ነኝ። ለዚህም ነው ዝም ማለት ያልሆነልኝ።

ዋናው ነገር ግን ገቢው አይደለም፤ ሀብቱ ነው። የጋሼ አንደኛው ሕንፃ ሲሠራ የነበረው ዋጋና ዛሬ ያለው ዋጋ አይገናኝም። መንገድ ሲሠራ ዋጋው ወጣ። ባንኮች በአጠገቡ ሲከፈቱ ወጣ። የብር የምንዛሪ ዋጋ በሐምሌ 2016 ለገበያ ሲለቀቅ ደግሞ ጭራሽ ሰማይ ነካ። እሱ አንድ ጡብ አልጨመረም። እስካልሸጠው ድረስ ያ ጭማሪ ገቢ ተብሎ አይመዘገብም። ከተማው ውስጥ አጥር ታጥረው ሣር የበቀለባቸው ቦታዎችስ? ባለቤቶቻቸው ተኝተው ሀብታቸው ያድጋል። የእህቴ ልጅ ደመወዝ ግን እንዲህ ተኝታ አያድግላትም።

ገቢን ብቻ ሳይሆን ሀብትንም እዩ ስል አዲስ ነገር ያመጣሁ የሚመስለው ካለ፣ እኛ ወሎዎች ይህን ነገር ከማንም በፊት እናውቀዋለን። ዘካ ምንድን ነው? ኒሷቡ፣ ማለትም የዘካ መነሻው ልክ፣ የሞላለት፣ 85 ግራም ወርቅ ወይም ተመጣጣኙ ገንዘብ ያለው ሰው፣ ዓመት በዞረ ቁጥር 2.5 በመቶ ያወጣል። ስንት አተረፍክ አይባልም፤ ስንት አለህ ነው የሚባለው። የሚኖርበት ቤት አይቆጠርበትም፣ የሥራ መሣሪያው አይቆጠርበትም። ለንግድ ያስቀመጠው ዕቃ ግን ይቆጠራል። 40 በግ ያለው አንድ በግ ይሰጣል። 39 ያለው ምንም። ድሃው ጭራሽ አይነካም፤ እንዲያውም ተቀባዩ እሱ ነው። ዘካ ኢባዳ፣ የአምልኮ ግዴታ ነው፣ የመንግሥት ግብር አይደለም፤ ሁለቱን አላምታታም። ግን ሚዛኑን እዩልኝ። የክርስቲያን ወንድሞቼም አስራት በኩራት አላቸው፤ ከአሥር አንድ።

ገብርኤል ዙክማን የሚባል ፈረንሳዊ የኢኮኖሚ ምሁር አለ። በ2024 በአውሮፓውያን አቆጣጠር ብራዚል የቡድን 20 አገሮችን ስትመራ አንድ ሐሳብ አቀረበላቸው። በዓለም ላይ 1 ቢሊዮን ዶላርና ከዚያ በላይ ያላቸው 3 ሺህ የሚሆኑ ሰዎች በየዓመቱ ከሀብታቸው ቢያንስ 2 በመቶ ይክፈሉ አለ። በዓመት ከ200 ቢሊዮን ዶላር በላይ ይገኛል ብሎ አስልቷል። ዓለም በዚህ ተንጫጫ። 2 በመቶ! የባቲ ነጋዴ በረመዳን ከሚያወጣው ያነሰ ነው።

«ይሸሻሉ» ትሉኝ ይሆናል። እውነት አለው። ኖርዌይ የሀብት ግብሯን ከፍ ስታደርግ ስዊዘርላንድ የገቡ ባለጸጎች አሉ። ፈረንሳይም በ2018 በነሱ አቆጣጠር የሀብት ግብሯን አስቀርታ በቤትና በመሬት ላይ ያለውን ብቻ ይዛ ቀርታለች። እኔ ትምህርት የማገኘው እዚህ ላይ ነው። ገንዘብ ይሸሻል። ሕንፃ አይሸሽም። የደሴን ፎቅ ነቅሎ ዱባይ የሚወስድ የለም። የንብረት ታክስ አዋጅ በ2017 በፓርላማ ጸድቋል። ተግባራዊ ሲሆን እንዴት ይሁን የሚለው ላይ ነው መነጋገር ያለብን። ባሏ የሞተባት እናት ያላት አንድ ቤት ብቻ ነው። የምትኖርበት ነው። እሷን እንደ ባለ አምስት ፎቁ ማየት ግፍ ነው። የመኖሪያ ቤት በርከት ያለ ነጻ መነሻ ይኑረው። ሁለተኛውና ሦስተኛው ላይ ይጨምር። ታጥሮ የተቀመጠው ቦታ ላይ ደግሞ ጠንከር ይበል።

በገቢውም በኩል መሰላሉ ይቀጠል። ለምሳሌ ከ200 ሺህ ብር የወር ገቢ በላይ 40 በመቶ፣ ከ1 ሚሊዮን በላይ 45። ቁጥሩ የኔ ነው፤ የተሻለ ያለው ያምጣ። 35 በመቶውም 14 ሺህ ላይ አይጀምር፤ ወደ ላይ ይገፋ።

ከዚህ ሁሉ የሚከብደው ጥያቄ ግን ሌላ ነው። «ቢከፍሉስ ገንዘቡ የት ይገባል?» የሚለው ነው። ይህን ስትሉኝ አልከራከራችሁም። እኔም እንደናንተ ለአንድ ወረቀት አራት ቀን የተመላለስኩባቸው ቢሮዎች አሉ። በአገራችን የሚሰበሰበው ግብር ከጠቅላላው ምርት 10 በመቶ እንኳ አይሞላም። ትንሽ ይሰበሰባል፣ ሥራው ትንሽ ይሆናል፤ ሥራው ትንሽ ስለሆነ ሰው መክፈል ይጠላል። በ2014 ጦርነት ሆስፒታላችን ተዘርፎ ባዶ ሲቀር፣ የኮምቦልቻ ፋብሪካዎች ሲፈርሱ፣ መልሶ ለማቆም ስንት ቦታ እጅ እንደተዘረጋ አይታችኋል። ደግ ሰው ሰጠ። አላህ ይስጠው። ግን ደግ ሰው የሚሰጠው ሲያዝንና ሲመቸው ነው። ነርሷ ደመወዟ በየወሩ ነው መምጣት ያለበት።

ስለዚህ ቅሬያችንን፣ ዕድራችንን እዩ። ቅሬ ላይ መዋጮ አልሰጥም የሚል አለ? የለም። ለምን? መዝገቡ ስለሚነበብ። ማን ሰጠ፣ ለማን ወጣ፣ ስንት ቀረ፤ ሰው በተሰበሰበበት ይነበባል። ድንኳኑንም፣ ወንበሩንም ታዩታላችሁ። የከተማችን ገቢና ወጪ እንዲሁ በየቀበሌው ይለጠፍ፤ በስብሰባም ይነበብ። ሀብታሙን ጨምር የምንለው እኛ፣ ይህንንም በዚያው ድምፅ እንጠይቅ። አንዱን ይዞ አንዱን መተው አይሆንም።

ከዚህ አዳራሽ ትንሽ ራቅ ብሎ የንጉሥ ሚካኤል አይጠየፍ አለ። ንጉሡ ግብር ያበሉበት አዳራሽ ነው። ስሙን አስቡት፤ ማንንም አይጠየፍ። በቋንቋችን ለመንግሥት የሚከፈለውም ግብር ነው፣ በአንድ ማዕድ የሚበላውም ግብር ነው። ልጅ እያለሁ አባቴ በዚያ ሲያልፍ «ግብር ያስገባ ግብር ይበላል» ይለኝ ነበር። ዛሬ የሻይ ቤቷ እናት ታስገባለች። ስትታመም ግን አልጋ ታጣለች።

ይህን ንግግር ባለፈው ሐሙስ ለጋሼ አነበብኩለት። ስለ እሱ ተናግሬ እሱ ሳይሰማው እንዲቀር አልፈለግኩም። ዝም ብሎ ሰማኝ። ከዚያ «ልጄ፣ የሕንፃዬ አጠገብ ያለውም ይከፍላል?» አለኝ። እሱም ይከፍላል አልኩት። «መዝገቡስ ይነበባል?» አለኝ። እሱን እንጠይቃለን አልኩት። መነጽሩን አውልቆ ጠረገ። «እንግዲያ የኔን አስቢው፤ ስንት ይመጣል?» አለኝ።

አስልቼ ሰጥቸዋለሁ። ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተው። ዛሬ እዚህ አዳራሽ ውስጥ አለ። አሁን ጥያቄ ካላችሁ ልስማ፤ ከእሱም ቢሆን።