የጨጓራ ባክቴሪያና የታይሮይድ እጢ፦ ምን አገናኛቸው?

ሰላም፣ ሰላም ወገኖቼ! እንዴት ሰነበታችሁ? ደሴ ዛሬ ጉም ለብሳ ነው የዋለችው፤ ጦሳ እዚሁ አጠገባችን ሆኖ አይታይም። መስኮቱን ዘግቼ ነው የምቀርጸው፣ የባጃጅ ጥሩምባ ከገባ ግን ታገሡኝ።

ዛሬ ስለ ጨጓራና ስለ አንገት ነው የምናወራው። ምን አገናኛቸው? እኔም የምጠየቀው ይህንኑ ነው። ፋርማሲ ውስጥ ቆሜ ሰው ሁለት ወረቀት ይዞ ይመጣል፤ አንዱ የጨጓራ ባክቴሪያ ይላል፣ ሌላው ታይሮይድ ይላል፤ አንገታችን ላይ ያለው ሆርሞን የሚሠራው እጢ ማለት ነው። መድኃኒቱን እስካወጣለት ድረስ ጠጋ ብሎ፣ «ወንድሜ፣ ይቺኛዋ ናት ያችኛዋን ያመጣችብኝ?» ይለኛል።

አጭሩ መልስ፦ ዝምድና ያላቸው ይመስላል፣ አንዷ ሌላዋን እንደወለደች ግን አልተረጋገጠም። ረጅሙ መልስ ከቡና ጋር ነው የሚያምረው። ግን ቆይ፣ ቡናውም እዚህ ጉዳይ ውስጥ እጁ አለበት። እመጣበታለሁ።

አሁን አንድ ነገር በዓይነ ሕሊናችሁ አምጡልኝ። ክረምት ነው፣ ሐምሌ። ሆጤ በሉት፣ ሮቢት በሉት፣ የፈለጋችሁትን ሰፈር በሉት። ጉሙ ወርዶ የገዛ እጃችሁን አታዩም። ሰፈሩን ሌባ አስቸግሯል። ዛሬ ዶሮ፣ ነገ ቆርቆሮ፣ ከነገ ወዲያ ገመድ ላይ የተሰጣ ልብስ። ወጣቶቹ ተሰባሰቡ፣ ዱላ ያዙ፣ እሳት አንድደው ማደር ጀመሩ። አንድ ሌሊት ሌባው አመለጣቸው። ፊቱን አላዩትም፤ ያዩት ጀርባውን ነው። ረጅም ካፖርት፣ ግራ ትከሻው ላይ ነጭ እራፊ። በቃ! «ነጭ እራፊ ያለበትን አንለቅም» ተባባሉ።

እዚያው ሰፈር ደግሞ አንድ አናጢ አባት አሉ። የሰፈሩን በር ሁሉ የሠሩት እሳቸው ናቸው። ካፖርታቸውን ምስማር ይዞት ግራ ትከሻው ላይ ተቀደደ፤ ባለቤታቸው ነጭ ጨርቅ ጣፉበት። በደንብ አድርገው፣ በድርብ ክር። አባት ንጋት ላይ ሱብሂ ሰግደው ሲመለሱ ልጆቹ በጉሙ ውስጥ ነጩን እራፊ አዩ። ፊት የለም፣ ድምፅ የለም፣ እራፊው ብቻ። ዱላው ወረደባቸው።

ልጆቹ ክፉ ናቸው? አይደሉም! ሥራቸውን ነው የሠሩት። ግን የሰፈሩን በር የሚሠራው ሰው ተኛ፤ በሩም ተበላሽቶ ቀረ። ደግሞ ስሙኝ፦ ሌባው በማግስቱ ሰፈሩን ለቆ ቢሄድ እንኳ ልጆቹ ነጩን እራፊ አይረሱም። ይቺን ያዙልኝ፣ ኋላ ታስፈልገናለች።

እንግዲህ ቶሎ ቶሎ እንሂድ፣ መሠረቱን ታውቁታላችሁ። ሌባዋ ሄሊኮባክተር ፓይሎሪ ናት፣ በእኛ አፍ ኤች ፓይሎሪ። ፐርዝ፣ አውስትራሊያ ውስጥ ሮቢን ዋረንና ባሪ ማርሻል ናቸው ያገኟት። ሰው አላምን ሲለው ማርሻል እ.ኤ.አ. በ1984 ባክቴሪያዋን ራሱ ጠጣት፣ ጨጓራውም ታመመ፤ በ2005 ሁለቱም ኖቤል ተሸለሙ። ዩሪየስ በሚባል ኢንዛይሟ አሞኒያ እየሠራች አሲዱን ከላይዋ ታበርዳለች። የሰፈሩ ልጆች የሰውነታችን መከላከያ ናቸው። አናጢው አባት ታይሮይድ እጢ። ነጩ እራፊ ደግሞ የፕሮቲን ቁራጭ ነው። ካግ ኤ የሚባል ፕሮቲን ያላቸው የባክቴሪያዋ ዓይነቶች አሉ፤ ይህ ፕሮቲን በከፊል ቲፒኦ ከሚባለው የታይሮይድ ኢንዛይም ጋር ሳይመሳሰል አይቀርም የሚል ጥርጣሬ አለ። መከላከያችን ለባክቴሪያዋ ያነሳውን ዱላ ታይሮይድ ላይ ያሳርፋል ማለት ነው። ጃፓናዊው ሐኪም ሃካሩ ሃሺሞቶ እ.ኤ.አ. በ1912 አራት ሴቶች ላይ አይቶ የጻፈው፣ ዛሬም በስሙ የሚጠራው ሕመም እንዲህ ያለ የገዛ ወገን ዱላ ነው።

ማስረጃውስ? ሃሺሞቶ፣ ወይም መከላከያው ታይሮይድን ከልክ በላይ የሚያሠራበት ግሬቭስ የሚባል ሕመም ባለባቸው ሰዎች ላይ ኤች ፓይሎሪ በዛ ብላ ተገኘች ያሉ ጥናቶች አሉ፤ ልዩነት አላየንም ያሉም አሉ። ባክቴሪያዋ ከታከመች በኋላ ታይሮይድን የሚያጠቃው ፀረ እንግዳ አካል ቀነሰ ያሉ አሉ፤ ምንም አልቀነሰም ያሉም አሉ። ያቺን ያዙልኝ ያልኳችሁን አስታወሳችሁ? ሌባው ሄደ፣ ልጆቹ ግን እራፊውን አልረሱም። ደግሞም ባክቴሪያዋ በዓለም ላይ ግማሽ በሚጠጋ ሰው ጨጓራ ውስጥ ናት። አንድ ሰው ላይ ሁለቱ ተገናኙ ማለት አንዷ ሌላዋን አመጣች ማለት አይደለም። በሐምሌ ደሴ ላይ ጋቢ የለበሰ ሁሉ ዘመዳም ነው እንደማለት ይሆናል።

እዚህ ላይ ወደ ሌላ ልሄድ ነበር፤ ግን ባለፈው ስለዚህ ጉዳይ ጫፉን ብቻ ነክቼ ስሄድ የመጣውን ጥያቄ ሳልመልስ ማለፍ አልችልም። ብዙዎቻችሁ፣ «እንቅርቴ ከጨጓራ ባክቴሪያ ከሆነ አንቲባዮቲክ ልዋጥና ይጥፋልኝ?» ብላችኋል። አይ! አይ ወገኖቼ፣ እለምናችኋለሁ። እንቅርትና ይህ የማወራው ነገር አንድ አይደሉም። በእኛ ደጋ አገር እናቶቻችን አንገት ላይ የምናየው እንቅርት ዋናው ምክንያቱ የአዮዲን እጥረት ነው። ዝናብና ጎርፍ ለዘመናት አፈሩን ሲያጥበው አዮዲኑም አብሮ ይሄዳል፤ በዚያ መሬት የበቀለውም አዮዲን ያንሰዋል። እጢው አዮዲን ሲያጣ ያቺኑ ትንሽ ለመሰብሰብ ሲል ይተልቃል። የውሃው ነው፣ የእርግማን ነው የሚባለውን ተዉት። መፍትሔው ወጥ ቤታችሁ ውስጥ ነው፦ አዮዲን ያለው ጨው። በአገራችን ጨው ሁሉ አዮዲን ይጨመርበት የሚል ደንብ እ.ኤ.አ. በ2011 ወጥቷል። ስትገዙ አዮዲን እንዳለው እዩ፣ ክዳን ባለው ዕቃ አስቀምጡ፣ ወጡ ሊወርድ ሲል ጨምሩ፤ እሳት ላይ ብዙ ሲቆይ አዮዲኑ ይቀንሳል። አንቲባዮቲክ ያለ ምርመራ መዋጥ ግን በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ነው፤ እንቅርቱም አይጠፋም፣ ባክቴሪያዋም መድኃኒቱን ትለምደዋለች። አንገታችሁ ያበጠ ሐኪም ዘንድ ሂዱና የቲኤስኤች ምርመራ ጠይቁ፤ ቲኤስኤች ታይሮይድን «ሥራ!» የሚለው ሆርሞን ነው፣ እጢው ሲሰንፍ ከፍ ይላል።

ሌላም አለ። «ታክሜ እንደገና በደም ስመረመር ፖዘቲቭ አለኝ፣ አልዳንኩም» የምትሉ፣ አብሽሩ። የደሙ ምርመራ የሚያየው ፀረ እንግዳ አካሉን ነው፤ እሱ ከዳናችሁም በኋላ ለረጅም ጊዜ ይቆያል። መዳናችሁን የሚነግራችሁ ሕክምናው ካለቀ ቢያንስ አራት ሳምንት ቆይቶ የሚደረግ የሰገራ ወይም የትንፋሽ ምርመራ ነው። ይቺን አንድ ነገር ለማታውቅ ዘመድ ቪዲዮውን ላኩላት፤ ሰብስክራይብ ያላደረጋችሁም ደወሏን ተጫኗት።

አሁን ወደ ቡናው። ለእኔ የዛሬው ትልቁ ነገር ይህ ነው፤ እዚህ ላይ ማስረጃው ጠንካራ ነው።

ኮምቦልቻ አንዲት አክስት አሉኝ። ታይሮይዳቸው ሰነፍ ነው፣ የጎደለውን ሆርሞን የሚተካውን ክኒን፣ ሌቮታይሮክሲን፣ ይወስዳሉ። በየምርመራው ቲኤስኤቻቸው ከፍ ይላል፣ መጠኑ ይጨመራል፤ እንደገና ከፍ ይላል፣ እንደገና ይጨመራል። «መድኃኒቱ ውሸት ነው» ማለት ጀመሩ። አንድ እሑድ ሐረጎን ወርጄ ቤታቸው ገባሁ። ቄጤማው ተጎዝጉዟል፣ እጣኑ ይጨሳል፣ ረከቦቱ ላይ ሲኒዎቹ ተደርድረዋል። ከሲኒዎቹ መሃል አንዲት ጆሮዋ የተሰበረ ሲኒ ተደፍታለች። አቦሉ ሲቀዳ እትዬ ሲኒዋን ገለጡ፤ ሥሯ ክኒኗ ናት። ቢስሚላህ ብለው በትኩሱ ቡና ዋጧት! ላያቸው ላይ ቆሜ ቀረሁ። ከጎኑ ደግሞ ለጨጓራቸው የሚወስዱት ኦሜፕራዞል ተቀምጧል።

ክኒኗ በደንብ እንድትሟሟ የጨጓራ አሲድ ትፈልጋለች። ባክቴሪያዋ ጨጓራውን ስታቆስለው አሲዱ ሊቀንስ ይችላል፣ ኦሜፕራዞልም ይቀንሰዋል፣ ቡናው ደግሞ ክኒኗ ወደ ደም እንዳትገባ ያግዳታል። እ.ኤ.አ. በ2006 የታተመ የጣሊያኖች ጥናት ኤች ፓይሎሪ ወይም የሳሳ ጨጓራ ያለባቸው ሰዎች ከሌሎቹ ከ22 እስከ 34 በመቶ የበለጠ ሌቮታይሮክሲን እንዳስፈለጋቸው አሳይቷል። መጠኑ የሚጨምረው ሕመሙ ስለባሰ ሳይሆን መድኃኒቱ ስላልደረሰ ነው።

ስለዚህ ክኒኗን በባዶ ሆድ፣ በውሃ ብቻ። ከቡናና ከቁርስ በፊት ከግማሽ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት። አይረንና ካልሲየም የምትወስዱ አራት ሰዓት አራርቁ። ጾም ሲገባ ሰዓቱን ከሐኪማችሁ ጋር አስተካክሉ እንጂ አታቋርጡ። ባክቴሪያዋን የታከማችሁ ደግሞ ከስድስት ስምንት ሳምንት በኋላ ቲኤስኤች ተመርመሩ፤ ጨጓራው ሲድን የድሮው መጠን ሊበዛባችሁ፣ ልባችሁን ሊያስመታው ይችላል። በራሳችሁ ግን አትቀንሱ።

እትዬም ተመረመሩ፣ ባክቴሪያዋ ተገኘች፣ ሁለት ሳምንት ታከሙ። መጠኑን ሐኪማቸው ሁለት ጊዜ ቀንሶላቸዋል። ዛሬ ጠዋት ካሜራውን ሳዘጋጅ ደወሉልኝ።

«ልጄ፣ ክኒኗን ውጫለሁ። ቡናውን ላፍላው?»

«መቼ ዋጧት እትዬ?»

«አሁን ነዋ፣ አሥር ደቂቃ ይሆናል።»

«ቡናውን መቁላት ይጀምሩ። ሲኒው ግን ሃያ ደቂቃ ይቀረዋል።»