ቡድኑ የማን ነው? ለዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ የተደረገ የመክፈቻ ንግግር

የተከበራችሁ የማኅበራችን አባላት፣ እናቶችና አባቶች፣ ከልምምድ በቀጥታ የመጣችሁ ልጆቻችን፤

እንኳን ለዓመታዊ ጉባኤያችን በሰላም አደረሳችሁ። የሥራና የሒሳብ ሪፖርቱ በእጃችሁ ስላለ አላነበውም፤ ገንዘብ ያዡ በተራቸው ያብራሩታል። የእኔን ጊዜ ለሦስተኛው አጀንዳ ላውለው። እንደምታውቁት፣ የልጆቻችንን የበረዶ ሆኪ ቡድን ጠቅልለው ተረክበው ወጪውን ሊሸፍኑ የፈለጉ ባለሀብት አሉ። ቅን ሰው ናቸው፤ ገንዘቡም ያስፈልገናል። ሆኖም ድምፅ ከመስጠታችሁ በፊት እዚሁ የካናዳ ክፍለ ሀገር በሆነችው ሳስካችዋን ውስጥ፣ ቡድኗን አጥታ መልሳ ስላገኘች ከተማ ልንገራችሁ።

ስዊፍት ከረንትን ወደ ካልጋሪ ስንጓዝ ነዳጅ ለመቅዳት እንቆምባታለን እንጂ ብዙዎቻችን ልብ አንላትም። ዛሬም ነዋሪዋ ከ17 ሺህ ብዙም አይበልጥም። ብሮንኮስ የተባለው የወጣቶች ቡድኗ እ.ኤ.አ. በ1967 ተመሠረተ። ኋላ በኒውዮርክ አይላንደርስና በፒትስበርግ ስድስት ጊዜ የሰሜን አሜሪካን የፕሮፌሽናል ሆኪ ትልቁን ሽልማት፣ የስታንሊ ዋንጫን ያነሣው ብራያን ትሮቲዬ በጉርምስናው የተጫወተው እዚያ ነው። በ1974 ግን ቡድኑ ስሙን እንደያዘ ወደ ጎረቤት ክፍለ ሀገር አልበርታ፣ ወደ ሌትብሪጅ ሄደ። ሌትብሪጅ ትልቅ ከተማ ናት፤ ለ1975ቱ የካናዳ የክረምት ጨዋታዎችም አዲስ አዳራሽ ሠርታ ነበር። ትሮቲዬም አብሮ ሄደ። የስዊፍት ከረንት ሰው ለዓመታት ትኬት ገዝቷል፤ በመሄዱ ላይ ግን ድምፅ አልነበረውም።

ሌትብሪጅ ቡድኑን በደንብ ያዘችው፤ ይህን መካድ አይገባም። በሆኪ የታወቁት ስድስቱ የሰተር ወንድማማቾች በየተራ ማሊያውን ለብሰዋል፤ በ1983 ቡድኑ የሚጫወትበትን የምዕራብ ካናዳ የወጣቶች ሊግ ዋንጫ በልቷል። ከሦስት ዓመት በኋላ ግን ተራው የእርሷ ሆነ። በ1986 የስዊፍት ከረንት ሰዎች ቡድኑን ገዝተው ወደ ቤቱ መለሱት። ሌትብሪጅም ባዶዋን አልቀረችም፤ በማግስቱ ዓመት ራንግለርስ የተባለውን የካልጋሪ ቡድን ወስዳ ሀሪኬንስ አለችው። ያም ቡድን ቢሆን በ1977 ከዊኒፔግ ወደ ካልጋሪ የሄደ ነበር። አንዱ ከተማ ሲደሰት ሌላው ያዝናል፤ የዚህ ሊግ ታሪክ ግማሹ እንዲህ ያለ ነው።

ስዊፍት ከረንት ግን በዚህ ጊዜ አንድ ነገር ለወጠች። ቡድኑ የአንድ ባለሀብት ሳይሆን የሕዝብ ሆነ፤ ትርፍ የሚካፈል ባለቤት የለውም፤ የሚመራውም ከነዋሪው በወጣ ቦርድ ነው።

በተመለሰበት ዓመት፣ እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 30 ቀን 1986፣ ወደ ሪጃይና ለጨዋታ ሲጓዝ አውቶቡሱ ከከተማዋ ብዙም ሳይርቅ በበረዶ ላይ ተንሸራትቶ ተገለበጠ። ከኋላ ተቀምጠው ካርታ ይጫወቱ የነበሩ አራት ልጆች ሞቱ። ኋላ ታላቅ የሆኪ ኮከብ የሆነው ጆ ሳኪክ ከተረፉት አንዱ ነው። ቡድኑ አልፈረሰም፤ የውድድር ዘመኑንም ጨረሰ። በ1989 በሊጉ ጥሎ ማለፍ 12 ጨዋታ አድርጎ 12ቱንም አሸነፈ፤ ከዚያም በሳስካቱን፣ የአዘጋጇን ከተማ ቡድን በጭማሪ ሰዓት 4 ለ 3 ረትቶ የወጣቶች ሆኪ ትልቁን ዋንጫ፣ ሜሞሪያል ካፕን ወሰደ።

እዚህ ላይ ባቆም ታሪኩ ያምር ነበር፤ ነገር ግን እናንተ ወላጆች ናችሁ። የዚያ ቡድን አሰልጣኝ ግራሃም ጄምስ ልጆቹን በወሲብ ያጠቃ ነበር። ከአደጋው የተረፈው ሼልደን ኬኔዲ ደፍሮ ከተናገረ በኋላ፣ ሰውየው በ1997 ጥፋተኛነቱን አምኖ ታሰረ። ስለዚህ የሕዝብ ቡድን መሆን በራሱ ልጅን አይጠብቅም። ቡድኑን በእጃችን እናቆይ የምትሉ ሁሉ፣ አሰልጣኙን ማን ይመርምረው፣ በአውቶቡስና በሆቴል ማን አብሯቸው ይሁን፣ ልጅ ቅሬታ ቢኖረው ለማን ይንገር የሚለውንም ዛሬ መልሳችሁ ውጡ። ቡድኑ የእኛ ከሆነ ኃላፊነቱም የእኛ ነው።

ብሮንኮስ ዛሬም ስዊፍት ከረንት ውስጥ ነው። ከሊጉ ትንንሽ ከተሞች አንዷ ሆና በ2018 እንደገና ሻምፒዮን ሆናለች። ትልቅ ከተማ አዲስ አዳራሽ ቢሠራ፣ ቡድኑን ሸጦ የሚያሻግር ባለቤት የላትም።

የእኔ ሐሳብ ይህ ነው፦ የባለሀብቱን ገንዘብ በስፖንሰርነት በምስጋና እንቀበል፤ የቡድኑ ስም፣ ምዝገባውና የውሳኔ ሥልጣኑ ግን በማኅበሩ እጅ ይቆይ። የማትስማሙ እንዳላችሁ አውቃለሁ፤ አጀንዳው ሲደርስ ለእያንዳንዱ ተናጋሪ አምስት አምስት ደቂቃ ተይዟል። ምልዓተ ጉባኤው መሟላቱን ጸሐፊው አረጋግጠውልኛል። ጉባኤው ተከፍቷል፤ ገንዘብ ያዥ፣ ወደ መድረክ ይምጡልን።