ሁሉንም ሳይሞክሩ

ሰላም ወዳጆቼ፣ እንዴት ከረማችሁ? ዛሬም ከጅማ ነኝ። ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበው ነው፤ ድምፁ ከገባባችሁ ታገሱኝ።

ስለ አንድ ቁጥር ላወራችሁ ነው። 2,147,483,647። ከ1 ጀምራችሁ 31 ጊዜ እጥፍ እያደረጋችሁ ሂዱ፤ መጨረሻ ላይ 1 ቀንሱ። እሱ ነው። ፕሮግራም የሚጽፉ ሰዎች በደንብ ያውቁታል፤ ኮምፒዩተር ሙሉ ቁጥር ከሚይዝባቸው የተለመዱ መንገዶች አንዱ፣ ምልክት ያለው ባለ 32 ቢት ኢንቲጀር የሚባለው፣ ከዚህ በላይ አይዝም። እኔን የያዘኝ ግን ሌላ ነገር ነው። ይህ ቁጥር ፕራይም ነው። ከ1 እና ከራሱ በቀር ያለ ቀሪ የሚያካፍለው የለም።

ያረጋገጠው የሒሳብ ሊቁ ሊዮናርድ ኦይለር ነው፤ በ1772 እ.ኤ.አ.፣ ሴንት ፒተርስበርግ ሆኖ። ካልኩሌተር የሚባል ነገር የለም። ዓይኑም ያኔ ከሞላ ጎደል አያይም።

ፈረንጅ አራዳ ሒሳብ የማስጠናት ልጅ አለች። ይህን ስነግራት ቀና አለችና «ጋሼ፣ ታዲያ ሁሉንም እያካፈለ ሞከረ?» አለችኝ። ጥያቄዋን ወደድኩት። ቁም ነገሩ ያለው እዚያው ላይ ነዋ!

ቁጥሩ የሁለት ቁጥሮች ብዜት ከሆነ፣ አንዱ የግድ ከ46,341 ያንሳል። ሁለቱም ከዚያ ካላነሱ ብዜታቸው ያልፈዋል። ይህም ቢሆን ብዙ ነው። እዚህ ጋ ፈረንሳዊው የሒሳብ ሰው ፌርማ በ1640 እ.ኤ.አ. ያስተዋለው ነገር ይመጣል፦ አካፋይ ካለው፣ ያ አካፋይ ለ62 ሲካፈል 1 መትረፍ አለበት። 62 የ31 እጥፍ ነው። በዚያ ላይ አካፋዩ ለ8 ሲካፈል ወይ 1 ወይ 7 ይተርፋል። ሁለቱን አንድ ላይ ስታደርጓቸው ስንት ቁጥር ቀረ? 373። ከነሱም ራሳቸው ፕራይም ያልሆኑት ይወጣሉ።

ከጅሬን፣ ከአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ቁልቁል ስወርድ በሆዴ 62 እየደመርኩ እመጣለሁ። 63፣ 125፣ 187... ኦይለርም በዚህ መንገድ አልፏል እያልኩ። እውነቴን ነው፣ ደስ ይለኛል።

31 ፕራይም ስለሆነ ውጤቱም ፕራይም ሆነ እንዳትሉ። 11ም ፕራይም ነው። 11 ጊዜ እጥፍ አድርጋችሁ 1 ስትቀንሱ 2,047 ይመጣል፤ እሱ ደግሞ 23 ሲባዛ በ89 ነው። አሁን ሁለቱን ለ22፣ ለ11 እጥፍ፣ አካፍሏቸው። 1 ይተርፋል፣ 1 ይተርፋል። ቁጥሩን የሚሰብሩት ራሳቸው ሕጉን ጠብቀው ነው የሚመጡት! ይህ ሁሌም ይገርመኛል።

ከልጅቷ ጋር 13ን ሞከርን። 8,191። አነስተኛው አካፋይ ከ91 በታች መሆን አለበት፤ ለ26 ሲካፈልም 1 መትረፍ አለበት። 27፣ 53 እና 79 ብቻ ናቸው። የ8ቱ ሕግ ሁለቱን ጣላቸው፤ 79 ቀረ። አካፈለችው። 103 ደረሰና 54 ተረፈ።

«በቃ?» አለችኝ። በቃ። ፕራይም ነው።

አሁን 17ን ይዛለች፤ 131,071ን። ሕጎቹን በደንብ ከተጠቀመች ሦስት ማካፈል ይበቃታል። እናንተም ወረቀትና እስክሪብቶ አውጡና ሞክሩት።