የባንኮኒው ጠርዝ

የተከበራችሁ የማኅበራችን አባላት፣ አባቶችና እናቶች፣ ከሩቅ የመጣችሁ የጎንደር ፒያሳ ልጆች፤ እንደምን አደራችሁ? እንኳን በሰላም መጣችሁ።

በአባቴ ሱቅ ባንኮኒ ልጀምር። የዋንዛ ነው። በገዢው በኩል ያለው ጠርዙ ሙልጭልጭ ብሏል። አናጢ አልነካውም፤ የሰው ክንድ ነው የላገው። ሰው ተደግፎ ዋጋ ይጠይቃል፣ ለቅሶ ያረዳል፣ ዝናቡ ስለ ዘገየበት ያወራል፣ ከዚያ ሳይገዛ ይሄዳል። በአባቴ በኩል ያለው ጠርዝ ግን ዛሬም ሹል ነው። እሱ አይደገፍም ነበር።

ፒያሳን ጣሊያን ሠራው ሲባል እሰማለሁ። ግድግዳውን አዎ። ንግዱ ግን ከዚያ በፊት የነበረ ነው። አፄ ፋሲል በ1628 ዓ.ም. ገደማ ከቆረቆሯት ጀምሮ ጎንደር የነጋዴ ከተማ ናት። ሲራራ ነጋዴው በአንድ በኩል ወደ ምጽዋ፣ በሌላ በኩል በመተማ አድርጎ ወደ ሱዳን ይወጣ ነበር። ወርቁ፣ ዝባዱ፣ የዝሆን ጥርሱ በዚህ ያልፋል። መገበያያው አሞሌ ጨው ነው። በአፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ ዘመን ሙስሊሞች ተለይተው እንዲኖሩ ታወጀ፤ የሰፈሩባት አዲስ ዓለም ግን የዚያ ሁሉ ንግድ እምብርት ሆነች። ማረሻውንና ሸክላውን ከቤተ እስራኤል ባለሙያዎች እጅ እንገዛ ነበር። ይህን የምለው ወድጄ ነው፤ መንገዳችን የአንድ ወገን ብቻ ሆኖ አያውቅም።

በ1880 ዓ.ም. ከሱዳን የመጣው የደርቡሽ ጦር ከተማዋን አቃጠላት። ገበያው ግን ተመልሶ ቆመ።

ጣሊያን በመጋቢት 1928 ገባ። ጎንደርን የአንድ ትልቅ ግዛቱ ዋና ከተማ አደረጋት። ጌራርዶ ቦሲዮ የሚባል የፍሎሬንስ አርክቴክት ፕላን ነደፈላት። ፖስታ ቤቱ፣ ሲኒማ ቤቱ፣ ማዕዘናቸው ክብ የሆነ ፎቆች፣ ጥላ የሚሰጡን በረንዳዎች የዚያ ዘመን ናቸው። ያማሩ ናቸው፤ አልክድም። ያሰቧቸው ግን ለኛ አልነበረም። የያኔው ፕላን ለጣሊያኑ ሌላ ሰፈር፣ ለአገሬው ሌላ ሰፈር የሚል ነበር። በኅዳር 1934 ጣሊያን በምሥራቅ አፍሪካ የቀረው የመጨረሻ ጦሩ እዚሁ ጎንደር እጁን ሰጠ። ከዚያ በኋላ አባቶቻችንና እናቶቻችን ሊያርቃቸው በታቀደው መንገድ ላይ በር በሩን ከፍተው ተቀመጡ። ፒያሳ፣ ባንኮኒ፣ ፉርኖ፣ ማኪያቶ እያሉ ቃሉንም ወሰዱት። ሳስበው ደረቴን ይሞላዋል።

የመንገዳችንን ጠባይ ማየት የሚፈልግ ሰው በከተራ ዋዜማ ይምጣ። ጥር 9 ማታ። ልብስ ሰፊዎቹ መኪናቸውን በረንዳ ላይ አውጥተው እስከ ሌሊት ይረግጣሉ። አንዷ እናት ጥበቡ ረዘመ ትላለች፣ ልጇ አጠረ ትላለች። ሰፊው መርፌውን በከንፈሩ ይዞ ሁለቱንም በዓይኑ ያረጋጋል። ወረቀት አይፈራረሙም፣ ቀብድ የለም፤ ነገ ታቦቱ ከመውጣቱ በፊት ልብሱ ይደርሳል።

ሌላው ዱቤ ነው። የአባቴን ደብተር ስገልጥ ስም ብዙ አላገኘሁም። «ከዋርካው በላይ ያለችው፣ 2 ሜትር አቡጀዲ፣ ለመስቀል» ይላል። «የመምህሩ ልጅ፣ ጫማ፣ እህል ሲገባ።» ስም መጻፍ ሰውን በዕዳው ማጋለጥ ይመስለው ነበር። ደብተሩ ሌላ ሰው እጅ ቢገባ ማንም እንዳያፍር።

ያለፉት ዓመታት ከባድ እንደነበሩ እናንተው ታውቃላችሁ። እንግዳ ሲቀር መጀመሪያ የሚዘጋው የጥበብና የጌጣጌጥ ሱቅ ነው። ቡና ቤቱ ይከተላል። ስንቶቻችን ኪራይ ከየት እንደምናመጣ ሳናውቅ በር ከፍተን ውለናል። አሁን ዕድሳት ነው፣ መንገዱም እየተሻሻለ ነው። ደስ ይለኛል፣ ከልቤ። አንድ ነገር ግን አንጀቴን በልቶታል። ከኔ በር ብዙ ሳይርቅ አንድ አሮጌ ሱቅ ሲታደስ የእንጨት መደርደሪያው ተነቅሎ በአንድ ቀን ለማገዶ ተሸጠ። የሱቁ የእጅ ጽሑፍ ሰሌዳም አብሮ ሄደ። ፎቶ እንኳ ያነሳው አልነበረም። እኔም አልፌ ስሄድ አይቼ ዝም አልኩ። ዝም ማለት አልነበረብኝም።

ስለዚህ ለዛሬው ስብሰባ የማቀርበው ሐሳብ ይሄ ነው። ማንኛችንም ሱቃችንን ከመንካታችን በፊት ለማኅበሩ እንንገር። ወጣቶቻችን መጥተው ፎቶ ያንሱ፣ ይለኩ፣ ባለቤቱን ይጠይቁ። በረንዳውና ክቡ ማዕዘን የማይነካ ይሁን። አሮጌ ደረሰኝ፣ ሚዛን፣ ደብተር፣ ሰሌዳ ያላችሁ አትጣሉ፤ አምጡልን። ከሁሉ በፊት ደግሞ እዚህ ፊት ለፊት የተቀመጡትን ጋሼዎችና እትዬዎች እንስማቸው። ማን የት ሱቅ እንደነበረው ከበር እስከ በር የሚያውቁት እነሱ ናቸው። የኔ ልጅ አያውቅም። እኔም ግማሹን ነው የማውቀው።

መቅጃውን አዘጋጅተናል። ከሻይ በኋላ ከፖስታ ቤቱ በኩል እንጀምራለን፤ እያንዳንዳችሁ በራችሁ ሲደርስ ትናገራላችሁ። የአባቴን ደብተር ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬዋለሁ። ወረቀቱ ስስ ነው፣ ቀስ ብላችሁ ግለጡት። ምናልባት የእናታችሁን አቡጀዲ ታገኙበት ይሆናል።