በቲቢ በተቦረቦረ ሳንባ ውስጥ የሚያብጥ የደም ቧንቧ

የተከበራችሁ ባልደረቦቼ፣

በቲቢ ሳንባው የተቦረቦረ ታማሚ ድንገት ብዙ ደም ሲተፋ፣ ምንጩ አብዛኛውን ጊዜ ብሮንኪያል አርተሪ (የአየር ቧንቧዎቹን የሚመግበው የደም ቧንቧ) ነው። ሁላችንም ቀድመን የምናስበው እሱን ነው፤ ልክም ነው። እኔ ዛሬ አደራ የምላችሁ ከስንት አንዴ የሚያጋጥመውን ሌላውን ምንጭ፣ ዴንማርካዊው ሐኪም ራስሙሰን እ.ኤ.አ. በ1868 የገለጸውንና በስሙ የሚጠራውን አኑሪዝም (የደም ቧንቧ እብጠት) ነው። ቲቢ ገና ባልጠፋበት አገራችን ይህን መርሳት አይገባንም።

አኑሪዝም ይባል እንጂ እውነተኛ አኑሪዝም አይደለም፤ ሱዶአኑሪዝም፣ ማለትም የቧንቧው ግድግዳ ሽፋኖች ሳይሟሉ የሚያብጥ ነው። ከካቪቲው (ቲቢው ከቦረቦረው ጉድጓድ) ጎን የሚያልፈውን የፑልሞናሪ አርተሪ (ከልብ ወደ ሳንባ ደም የሚወስደው ቧንቧ) ቅርንጫፍ ብግነቱ ከውጭ ወደ ውስጥ ይበላዋል። ጠንካራው የግድግዳ ሽፋን በግራኑሌሽን ቲሹ (ቁስል ላይ በሚበቅል ለስላሳ ሥጋ)፣ ቀጥሎም በፋይብሪን (ደም በሚያረጋ የፕሮቲን ክር) ይተካል። የሳሳው ግድግዳ ወደ ካቪቲው ያብጣል፤ በመጨረሻም ይፈነዳል።

ያለ ኮንትራስት (የደም ቧንቧዎችን በምስሉ ላይ የሚያደምቅ መድኃኒት) የተነሳ ሲቲ ያታልላል። ካቪቲው ውስጥ ያለችው ክብ ነገር የፈንገስ ኳስ ልትመስል ትችላለች። ኮንትራስት ሲሰጥ ግን ከአጠገቧ ካለው ፑልሞናሪ አርተሪ እኩል ትደምቃለች። ይህ ሳይታይ ለባዮፕሲ (ናሙና ለመውሰድ) መርፌ መስደድ ሕይወት ያስከፍላል። በመጠየቂያ ወረቀቱ ላይ «ደም ይተፋል» ብላችሁ አትለፉ፤ ብሮንኪያልም ፑልሞናሪም አርተሪዎች እንዲታዩ በግልጽ ጻፉ።

ታማሚውን ብዙ ጊዜ የሚገድለው ደም ፈሶ ማለቁ ሳይሆን መታፈን ነው፤ የአየር ቧንቧዎቹ በጠቅላላ የሚይዙት 150 ሚሊ ሊትር ገደማ ብቻ ነው። ስለዚህ የሚደማው ጎን ከታች ሆኖ በጎኑ ይተኛ። ኢንቱቤት ማድረግ (የመተንፈሻ ቱቦ ማስገባት) ካስፈለገ ቱቦው ከተቻለ ቁጥር 8 ወይም ከዚያ በላይ ይሁን፤ ጠባቡን የረጋ ደም ይደፍነዋል፣ ብሮንኮስኮፕም (የአየር ቧንቧ ማያ መሣሪያ) እንደልብ አያሳልፍም።

ብሮንኪያል አርተሪው በኢምቦላይዜሽን (በቀጭን ቱቦ ገብቶ ከውስጥ በመድፈን) ተዘግቶ ደሙ ካልቆመ ወይም ወዲያው ካገረሸ፣ ያንኑ ከመድገማችሁ በፊት ወደ ፑልሞናሪ አርተሪው ሂዱ። ከረጢቱን (ያበጠውን ክፍል) በኮይል (በተጠማዘዘ ቀጭን ሽቦ) ማጨቅ ያሰጋል፤ የሳሳው ግድግዳ ግፊቱን ላይችል ይችላል። ከተቻለ ቅርንጫፉን ከእብጠቱ በፊትም በኋላም መዝጋት ይሻላል። ይህ አገልግሎት በሌለበት የደረት ቀዶ ሐኪሙ ደሙ እስኪያገረሽ ሳይጠበቅ ይጠራ። የቲቢ መድኃኒቱ አይቋረጥ።

ከቲቢ ውጭ፣ የስዋን-ጋንዝ ካቴተር (ግፊት ለመለካት ወደ ፑልሞናሪ አርተሪ የሚገባ ቱቦ) ባሉን ከ1.5 ሚሊ ሊትር በላይ ሲነፋ ወይም ጫፉ ርቆ ሲገባም ይህ ጉዳት ይደርሳል። ከሁሉ ይልቅ የሚያሳስበኝ ግን የቤሼት በሽታ (የደም ቧንቧዎችን የሚያስቆጣና በፑልሞናሪ አርተሪም ላይ አኑሪዝም የሚያመጣ) ነው። አፉና ብልቱ በተደጋጋሚ የሚቆስል ወጣት ደም ሲተፋና ሳንባው ውስጥ የረጋ ደም ሲታይ፣ ፑልሞናሪ ኢምቦሊዝም (ከሌላ ቦታ መጥቶ የሳንባ ቧንቧን የዘጋ የረጋ ደም) ነው ተብሎ ሄፓሪን (ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ መድኃኒት) ይጀመርለታል። አኑሪዝሙ ካለ ሄፓሪኑ ሊገድለው ይችላል። መጀመሪያ ሲቲውን እዩ። አኑሪዝሙ ከተገኘ የሕክምናው መሠረት ብግነቱን የሚገቱት ስቴሮይድና ሳይክሎፎስፋማይድ ነው።

አመሰግናለሁ።