የፒፒአይ ገንዘብ አሁንም ይመለሳል? የአድማጮች ጥያቄና መልስ

በለንደን የአማርኛ ፕሮግራማችን የስልክ ሰዓት ላይ ስለ ፒፒአይ የመጡ ጥያቄዎችን ከነመልሳቸው እዚህ አስፍሬያለሁ። በዕዳ አማካሪነት ስሠራ በየሳምንቱ የሚቀርቡልኝ ናቸው። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ሰው ሁሉ "ፒፒአይ ወሰድኩ" ሲል እሰማ ነበር። ለመሆኑ ምንድን ነው?

ከብድር፣ ከክሬዲት ካርድ ወይም ከሞርጌጅ ጋር አብሮ የሚሸጥ ኢንሹራንስ ነው። ብትታመሙ፣ አደጋ ቢደርስባችሁ ወይም ከሥራ ብትቀነሱ የወር ክፍያችሁን እሱ ይከፍላል ተብሎ ነበር የሚሸጠው። ሐሳቡ ክፉ አልነበረም። ክፋቱ አሻሻጡ ላይ ነው። "ይህን ካልወሰድክ ብድሩ አይፈቀድልህም" የተባለ አለ። ምንም ሳይነገረው ቅጹ ላይ ቀድሞ ምልክት ተደርጎ የጠበቀውም አለ። ስኳር እንዳለባቸው የተናገሩ ሰዎች ቆይቶ የመጣ ሕመምን ብቻ የሚሸፍን ውል ተሸጦላቸዋል። ሚኒካብ ለሚነዱ ወንድሞቻችን ደግሞ በግላቸው እንደሚሠሩ እየታወቀ፣ ለእነሱ እንዳይከፍል ተደርጎ የተጻፈ ውል ተሸጦላቸዋል።

በጣም የሚያናድደኝ ግን የአረቦኑ (የኢንሹራንሱ ክፍያ) አወሳሰድ ነው። 5,000 ፓውንድ ተበደራችሁ እንበል። የአምስት ዓመቱ አረቦን፣ 1,200 ፓውንድ ነው እንበል፣ በአንድ ጊዜ ብድሩ ላይ ይደመራል። ዕዳችሁ 6,200 ሆነ ማለት ነው። ወለዱም የሚታሰበው በ6,200 ላይ ነው። ላልጠየቃችሁት ኢንሹራንስ ወለድ ትከፍላላችሁ። በየወሩ ከሂሳባችሁ የሚወጣው ግን አንድ ድምር ቁጥር ስለሆነ ማንም አያስተውለውም።

ባንኮቹ ጉዳዩን ፍርድ ቤት ወስደው በኤፕሪል 2011 ተሸነፉ። ከዚያ ዓመት ጀምሮ ለሕዝቡ የተመለሰው ገንዘብ ከ38 ቢሊዮን ፓውንድ በላይ ነው።

ጥያቄ፦ አሁን ማመልከት እችላለሁ?

ለባንኩ አዲስ አቤቱታ የማቅረቢያው ጊዜ ኦገስት 29 ቀን 2019 አብቅቷል። በጊዜው እንዳያመለክት ከባድ ሕመም ወይም እሱን የመሰለ የተለየ ችግር የከለከለው ሰው ብቻ ማስረጃውን ይዞ ሊሞክር ይችላል።

ጥያቄ፦ (የስልሳ ስድስት ዓመት እናት) አንድ ሰው ደውሎ "2,840 ፓውንድ የፒፒአይ ገንዘብ አለዎት፣ ለማስለቀቂያ 150 ፓውንድ ይክፈሉ" አለኝ። ጊፍት ካርድ (የሱቅ የስጦታ ካርድ) ገዝቼ ቁጥሩን እንዳነብለት ነው የሚፈልገው። የድሮ ባንኬን ስም ያውቃል። ካርዱን ገዝቻለሁ፣ ቁጥሩን ግን ገና አልሰጠሁትም። ልስጠው?

እናቴ፣ እንዳይሰጡት! የካርዱን ጀርባ እንዳይፍቁት። ደረሰኙን ይያዙና ዛሬውኑ የገዙበት ሱቅ ሄደው ይጠይቁ። ሰውየው ሲደውል አያንሱ። ካነሱም "ልጄን ልጠይቅ" አይበሉት። እሱንም የሚያባብልበት ቃል አዘጋጅቷል። ዝም ብለው ይዝጉት።

አሁን ለሁላችሁም ልናገር። ባለፉት ዓመታት ስንቱን እናትና አባት እንዲህ እንዳራቆቱ ስለማውቅ ረዘም ብዬ ነው የምናገረው።

ገንዘብ ለመቀበል ቀድሞ ገንዘብ መክፈል የሚባል ነገር የለም። እውነተኛ ካሳ የሚከፍል ባንክ የሚቀንሰው ነገር ካለው ከራሱ ከካሳው ላይ ይቀንሳል። ቴስኮ ሱፐርማርኬት ሄዳችሁ ካርድ ግዙ አይላችሁም። ግብርም ቢሆን በጊፍት ካርድ የሚቀበል መንግሥት የለም። "ቀድመሽ ክፈይ" ያላችሁ ሁሉ ሌባ ነው። ድምፁ ቢያምርም፣ እንግሊዝኛው ቢጠራም፣ በአማርኛ ቢያናግራችሁም ሌባ ነው።

"የባንኬን ስም ያውቃል" ትላላችሁ። በዚህ አገር ትልልቅ ባንኮች ጥቂት ናቸው። ሦስቱን ቢጠራ አንዱ የናንተ ነው። 64 ሚሊዮን የፒፒአይ ውል በተሸጠበት አገር "ፒፒአይ ነበረዎት" ብሎ መገመትም ከባድ አይደለም። ስማችሁንና ስልካችሁን ደግሞ ከማንም ይገዛዋል። ስለዚህ ስለናንተ አንድ እውነት ማወቁ ማንነቱን አይመሰክርለትም።

ሕጉንም ልብ በሉ። ከሴፕቴምበር 2018 ጀምሮ የካሳ ጉዳይ አስፈጻሚ ድርጅት እናንተ ሳትፈቅዱለት ደውሎ እንዳያስቸግራችሁ ተከልክሏል። ሳትጠይቁት የደወለ ሰው ገና ከመነሻው ሕግ ጥሷል ማለት ነው።

ከሁሉ የሚያሳዝነኝ ዝምታው ነው። ሰው 150 ፓውንድ ይሰጣል። በሳምንቱ "ቀረጥ ቀረ" ተብሎ 300 ይጨምራል። ከዚያ ሌላ ሰው "የተሰረቀውን ላስመልስልዎ" ብሎ ይደውላል። እሱም ከዚያው ቡድን ነው። የተታለለው ሰው ግን "ልጆቼ ምን ይሉኛል" ብሎ አፉን ይይዛል። እኔ ዘንድ ሲመጣ ነገሩ ወራት አልፎታል። አደራ፣ በዚያው ቀን ተናገሩ። የባንክ ካርድ ቁጥር ወይም የይለፍ ኮድ ከሰጣችሁ ወዲያው 159 ደውሉ። አብዛኞቹን ባንኮች በቀጥታ ያገናኛችኋል። ልጆችም ስሙኝ። እናታችሁ እንዲህ ስትላችሁ አትቆጡ። የተቆጣችሁ ዕለት ሁለተኛ አትነግራችሁም።

ጥያቄ፦ በ2019 ካሳ ተከፍሎኛል። ግብር ተቆርጦበት ነበር። አሁን አንድ ድርጅት "ግብሩን እናስመልስልህ" ብሎ በስልኬ ሊንክ ላከልኝ። በጣት መፈረም ብቻ ነው አለኝ።

ወንድሜ፣ አትፈርም። ነገሩ እውነት ያለበት ስለሆነ ነው ብዙ ሰው የሚያታልለው። ካሳ ሲከፈል በዓመት 8 ከመቶ ወለድ ይታሰብበታል። ከዚያ ወለድ ላይ 20 ከመቶ ግብር ይቆረጣል። ከኤፕሪል 2016 ወዲህ ግን መሠረታዊውን ግብር የሚከፍል ሰው በዓመት እስከ 1,000 ፓውንድ ወለድ ከግብር ነፃ ነው። ስለዚህ ብዙ ሰው የማይገባ ግብር ተቆርጦበታል።

ይህንን ማስመለስ ነፃ ነው። የግብር መሥሪያ ቤቱ አር40 የሚባል ቅጽ አለ፣ ከባንኩ የመጣውን የካሳ ደብዳቤ አይታችሁ ትሞሉታላችሁ። ደብዳቤው ላይ ሦስት ቁጥሮች አሉ፦ የተመለሰው አረቦን፣ ወለዱና የተቆረጠው ግብር። የምትፈልጉት ሁለቱን የመጨረሻዎቹን ነው። እንደ ሚኒካብ ሾፌሮቻችን በየዓመቱ የግብር ሪፖርት የሚያቀርብ ሰው ደግሞ እዚያው ሪፖርቱ ላይ ያስገባዋል።

የጊዜ ገደቡ ግን የግብር ዓመቱ ካለቀ በኋላ አራት ዓመት ነው። በ2019 የተከፈለህ ከሆነ አልፎሃል። ድርጅቱም ይህን ያውቃል። ታዲያ ፊርማህን ለምን ፈለገው? እነዚህ ሰዎች በጣት ያስፈረሙትን ይዘው በስምህ ሌላ የግብር ጥያቄ ያቀርባሉ። ከሚመለሰውም ግማሽ የሚጠጋውን የሚወስዱ አሉ። ሳያውቅ የግብር ተመላሽ መብቱን በሙሉ አሳልፎ የፈረመ ሰው ብዙ ነበር። መንግሥትም አይቶ ከማርች 15 ቀን 2023 ጀምሮ እንዲህ ያለ መብት የማስተላለፍ ውል ዋጋ እንዳይኖረው አድርጓል። ቢሆንም ሳታነቡ አትፈርሙ። ስልክ ላይ በጣት መጫርም ፊርማ ነው።

ጥያቄ፦ ቤት ስቀይር ከባንክ የመጣ የ2019 ደብዳቤ አገኘሁ። "አቤቱታዎ ደርሶናል" ይላል። ከዚያ በኋላ ምንም አልሰማሁም።

ጥሩ ዜና ነው። ገደቡ አቤቱታ ለማስገባት እንጂ መልስ ለመቀበል አይደለም። በጊዜው ካስገባሽ ጉዳይሽ መልስ ሊያገኝ ይገባል። መልሱን ወይም ቼኩን ወደ ድሮው አድራሻ ልከውት ሊሆን ይችላል። የማመልከቻ ቁጥሩን ይዘሽ ለባንኩ ጻፊ፣ አዲሱን አድራሻ ስጪ። የደብዳቤውን ቅጂ እንጂ ዋናውን አትላኪ። ስምንት ሳምንት ቢያልፍና ዝም ቢሉሽ የባንክና የደንበኛን ክርክር የሚዳኝ ፋይናንሻል ኦምቡድስማን የሚባል ተቋም አለ። አንድ ሳንቲም አያስከፍልም፣ አስተርጓሚ እፈልጋለሁ ማለትም ትችያለሽ።

የሰው ደብዳቤ በፕላስቲክ ከረጢት ሳይከፈት ተጠቅልሎ ሲመጣልኝ አዝናለሁ። ደብዳቤ ክፈቱ። አትጣሉ።

ጥያቄ፦ ባንኩ በ2016 "በትክክል ነው የተሸጠልህ" ብሎ መለሰኝ። ክሬዲት ካርዱን የዘጋሁት በ2022 ነው። ተስፋ አለኝ?

ምናልባት፣ በፍርድ ቤት። በ2014 የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በወይዘሮ ፕሌቪን ጉዳይ ውሳኔ ሰጠ። ሴትየዋ 34,000 ፓውንድ ስትበደር ለኢንሹራንሱ 5,780 ተደመረባት። ከዚያ አረቦን 71.8 ከመቶው ኮሚሽን ነበር፣ ማንም አልነገራትም። ፍርድ ቤቱ ይህን መደበቅ በአበዳሪውና በተበዳሪዋ መካከል ያለውን ግንኙነት ፍትሐዊ እንዳይሆን አድርጎታል አለ። በ2023 ደግሞ በሌላ ጉዳይ፣ ለእንዲህ ያለ ክስ ስድስት ዓመቱ የሚቆጠረው የብድር ግንኙነቱ ካበቃበት ቀን ነው ተባለ። በዚህ ስሌት አንተ ጊዜ ያለህ ይመስላል።

ግን ክስ ነው። ከተሸነፍክ ወጪ አለው፣ የድሮ ስቴትመንትም (የሂሳብ መግለጫ) ማግኘት አለብህ። ሶሊሲተር (ጠበቃ) ዘንድ ሂድ። ክፍያው እንዴት እንደሚታሰብ በጽሑፍ ሳይሰጥህ እንዳትፈርም።

ጥያቄ፦ ለአጎቴ ልጅ በስሜ ብድር ወስጄለት ነበር። የከፈለው እሱ ነው። ካሳው የማን ነው?

ባንኩ የሚያውቀው አንተን ነው፤ ቼኩም በስምህ ይወጣል። በመካከላችሁ ያለውን በሽማግሌ ጨርሱ። ሁለተኛ ግን ለማንም በስምህ አትበደር። እሱ ባይከፍል ኖሮ ዕዳው ያንተ ነበር።

ጥያቄ፦ የመኪና ብድሩስ? እሱም እንደ ፒፒአይ ነው ይላሉ።

ይመሳሰላል። መኪና ሻጩ ወለዱን ከፍ ባደረገ ቁጥር ኮሚሽኑ የሚጨምርበት አሠራር ነበር። የፋይናንስ ድርጅቶች ተቆጣጣሪው ኤፍሲኤ በጃንዋሪ 28 ቀን 2021 ከለከለው። ኦገስት 1 ቀን 2025 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ አብዛኛውን ክርክር ለአበዳሪዎቹ ወሰነ። በአንድ ተበዳሪ ጉዳይ ግን ግንኙነቱ ፍትሐዊ አልነበረም አለ። ከዚያ በኋላ ኤፍሲኤ የካሳ አሠራር እንደሚያወጣ አስታወቀ። የብድር ውላችሁን ፈልጉ፣ ለአበዳሪው ራሳችሁ ጻፉ። ነፃ ነው። ሲሶ የሚጠጋ ቆርጦ ለሚወስድ ድርጅት አትሽቀዳደሙ። ቀድማችሁ ክፈሉ የሚላችሁንማ ምን እንደምለው ታውቃላችሁ።

ጥያቄ፦ (ከአዲስ አበባ) እዚህ ባንክ ስበደር የሕይወት ኢንሹራንስ አስገቡኝ። ልመልሰው?

የእንግሊዝ ሕግ እዚያ አይሠራም። ውልዎን ይዘው እዚያው ጠበቃ ያነጋግሩ።

ጥያቄ፦ ካሳው በጊዜው ካመለከትኩት ጉዳይ ሊመጣ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት ግን ኪሳራ አውጄ ነበር። ልቀበለው?

ሳትነኪው ጠይቂ። ኢንሹራንሱ የተሸጠልሽ ኪሳራውን ከማወጅሽ በፊት ከሆነ፣ ነፃ ከወጣሽም በኋላ እንኳ ገንዘቡ ጉዳይሽን ለያዘው መንግሥታዊ ባለአደራ የሚገባ ሊሆን ይችላል። ዕዳሽን በአይቪኤ (ከአበዳሪዎች ጋር በሚደረግ የክፍያ ስምምነት) ያስተካከልሽ ብትሆኚም ጥያቄው ያው ነው። የጉዳይሽን ቁጥር ይዘሽ ነፃ ምክር የሚሰጠው የሲቲዝንስ አድቫይስ ቢሮ ሂጂ፣ በስልክ የምመልሰው ጉዳይ አይደለም።